መልስ በሳንቲም

በኮትካ ወደብ ዳር፣ ባሕሩ ሲጋገር፣
ገንዘብ ተቀባይ ነኝ፣ ከሱቁ መውጫ በር።
ከጀርባዬ ቆመው፣ ሦስት የቁማር ሳጥኖች፣
ሎሚ፣ ደወል፣ ሰባት፣ የሚዞርባቸው ዓይኖች፤
በፊንላንድ እንዲህ ነው፤ ወተት የገዛ ሰው
የተረፈውን ሳንቲም፣ እዚያው ነው የሚያፈሰው።

እኔም አርብ አርብ፣ ፈረቃዬ ሲያልቅ፣
ሁለት ዩሮ አለኝ፣ ብትጠፋም የማትናፈቅ፤
ከግራ ኪሴ አውጥቼ፣ በሎሚው ተዝናንቼ፣
ቢበላኝም ስቄ፣ ቢሰጠኝም ትቼ፣
የሲኒማ ዋጋ፣ ቲኬት ነው እላለሁ፤
ቀጥሎ በሚመጣው አውቶቡስ እሄዳለሁ።

አርባ ዓመት በክሬን፣ መርከብ ሲጭን ኖሮ፣
ጡረታ የወጣ፣ አንድ ጆሮው ደንቁሮ፣
ታውኖ መጀመሪያ፣ ሲመጣ ወደ እኔ፣
ዘንቢሉ ሙሉ ነው፤ ያየሁት በዓይኔ፤
አጃው፣ ቅቤው፣ ዓሣው፤ ለአውሊኪም፣ ለሚስቱ፣
ጨዋማ ከረሜላ፣ ጥቁር፣ በከረጢቱ።

መጀመሪያ የቀረው፣ ከረሜላው ነበር፤
በከረሜላ መቅረት፣ ማን ሰው ይጠረጥር?
ቀጥሎ ዓሣው ቀረ።
ቀጥሎም ቅቤው።
ከዚያ አንድ ማለዳ
ሽንኩርት፣ አንድ ራስ፣ ከፊቴ አኖረና፣
የሃምሳ ዩሮ ኖት፣ ዘረጋልኝና፣
«መልሱን በሳንቲም» አለ፣ ዓይኔን ሳያይ ገና።

መልሱን ቆጥሬ ሰጠሁ፤
ጥያቄውን ግን ዋጥሁ።

ሱቅ ሳይከፈት መጥቶ፣ በሩ ላይ ያስላል፤
እንደ እልኸኛ ፈረስ፣ ሳጥኑን ያባብላል፤
ሲበላው «ቀርቧል» ይላል፤ ሲሰጠውም «ቀርቧል»፤
የሰጠውን መልሶ፣ ለዚያው ያጎርሰዋል።
ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳ፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣
ባርኔጣውን አውልቆ፣ ሳጥኑ ላይ ይደፋው።

ሚስቱ አንዴ ደወለች፣ በሱቁ ስልክ፣ ፈርታ፤
«ታውኖ እናንተ ጋ ነው? ቀረብኝ እስከ ማታ፤
ዝርዝሩን ንገሪኝ።»
እኔ ለእሱ ዝርዝር፣ ስቆጥር በመዳፌ፣
«አሁን ወጣ» አልኳት። ዋሸ ይኸው አፌ።
አራት ሜትር አይሞላም። ጀርባው ይታየኛል።

የሰው ዘንቢል ቀሎ፣ ስመዝን ስከርም፣
የራሴን ግራ ኪስ፣ ፈትሼው አላውቅም።

አንድ ምሽት ከሥራ፣ ስወጣ ደክሞኝ፣
«አርብ ነው» አልኩ ለራሴ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።
ሁለቷ ሄደች። ሌላ ሁለት።
ወደ ቀኝ ኪሴ ገባሁ፤
የልጄን፣ የኤሊስን፣ የሆኪ ክፍያ አወጣሁ፤
አርባ ዩሮ በፖስታ፣ ስሙ የተጻፈበት፤
ከገዛ መሳቢያዬ፣ ሳንቲም አድርጌ ዘረዘርኩት።

ሎሚ። ሎሚ። ደወል።
«ቀርቧል» አልኩ።

ከጎኔ ከሚያበራው፣ ከሁለተኛው ሳጥን፣
ታውኖ ዞር ሳይል፣ ዝቅ አድርጎ ድምፁን፣
«ሲርካ» አለኝ፣ «ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

ቀን የጠፋው እሱ፣ ይመስለኝ ነበረ።
የኔን አርብ ግን፣ እየቆጠረ ኖረ።
«አርብ አርብ ስትስቂ፣ በደህናው ጆሮዬ
እሰማሻለሁ» አለ። «ዛሬ አልሳቅሽም፣ ልጄ።»

በሳጥኑ ጎን ላይ፣ የተላጠ ወረቀት፣
«መቆም ካቃተዎ፣ ይደውሉ» የሚልበት፤
ቁጥሩ ደብዝዟል። እሱ ግን ሳያየው
ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቃሉ ነው የያዘው፤
አንድም ቀን አልደወለ።

ከሱቁ ጀርባ ወጣን፣ ወደ መኪና ማቆሚያ፤
በረዶው ይወርዳል፣ የለውም መቋሚያ።
ስልኩ የኔ ነበር፣ ቁጥሩን እሱ ጠራ፤
ጣቶቹ በኪሱ፣ ሽንኩርት ሲልጡ አብራ
የምታመጣው ሽታ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ።
ወይም ሽንኩርቱ አይደለም።

«ሃሎ» አለች አንዲት ሴት፣ «እየሰማሁ ነው።»
ታውኖ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጫማዬ።
መልስ ትጠብቃለች።

«ከየት ልጀምር?» አላት።
«ከፈለጉበት።»
ጉሮሮውን ጠረገ።
«ከከረሜላው» አለ።